ለሙሾ አውራጇ የተሸከምሁት ድንጋይ

ወንድሜ ሲሞት እኔ ሙጃ፣ ወንዱ ልጄ ቤት ነበርሁ። ልጄ ቤት ነበርሁ ስል እዚያ እኖራለሁ ማለቴ አይደለም። ባሌ ከሞተ ወዲህ የትም አልኖርም። ክረምቱን ሙጃ፣ ከመስቀል በኋላ ጋሸና ምግብ ቤት የከፈተችው ልጄ ዘንድ፣ ገና ሲቃረብ ላሊበላ፣ ከገና በኋላ ተመልሼ ሙጃ፤ እንዲህ ስዞር ነው ዕድሜዬ የሄደው። ስገባ "እንኳን ደህና መጣሽ" ይሉኛል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ግን አፋቸው ዝም ብሎ ዓይናቸው "መቼ ትነሺያለሽ" ይለኛል። እኔም አፋቸው ሳይጨመርበት ጨርቄን ጠቅልዬ እነሳለሁ። አልቀየማቸውም። እግሬም ለምዶታል።

መርዶው በስልክ መጣ። ምራቴ ስልኩን እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ገባኝ። በእህል መኪና ተጭኜ፣ የቀረውን በእግሬ ወርጄ ወንድሜ አገር ስደርስ፣ ሬሳው ከቤት ወጥቶ ሰው ለቅሶ ሜዳው ላይ ክብ ሠርቶ ቆሟል። አገሩ ከኩልመስክ ወጣ ብሎ፣ ወደ ላሊበላ ከሚሄደው መንገድ ሥር ነው።

መሐል ላይ የቆመችው የወንድሜ ጎረቤት ናት፣ ሙሾ አውራጇ። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ግጥሙን እሷ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላታል። ሟቹ ቸር ከነበረ ቸር ትለዋለች፤ ንፉግም ከነበረ ዘመዱ ቢከፋው ባይከፋው ትናገራለች። ለቅሶ ሜዳ ላይ ለተባለ ነገር ማንም ተጠይቆ አያውቅም። እኛ ስናድግ ልማዱ እንዲህ ነበር።

እኔ እየጮኽሁ ስገባ አየችኝና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

*ልጆች እንደ ቅጠል፣ እህት እንደ ደመና፣*
*ውኃ አቀባይ አጥቶ፣ ወደቀ ያ ጀግና።*

ተቀባዮቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ተቀበለች፣ ሌላዋም ተከተለች፣ ሜዳው ሙሉ ስለ እኔ ይጮኽ ጀመር። ወንድሜን ላለቅስ መጥቼ በራሴ ላይ አለቀስሁ።

ወንድሜ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ታላቁ ኩልመስክ ላይ ሱቅ አለው፤ ታናሹ የጭነት መኪና ይነዳል፣ አገር አይቀመጥም። ያችን ግጥም አንዱ በስልኩ ቀርጿት ኖሮ በሰልስቱ ቀን ኩልመስክ ገበያ ደረሰች። ሰው በታላቁ ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ያሰማታል አሉ። እሱም እንደ እሳት ነዶ ሙሾ አውራጇን ለቅሬው ዳኛ ከሰሳት። ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበራችን ነው፤ ድንኳኑን የሚተክል፣ መቃብሩን የሚቆፍር፣ ሬሳውን የሚሸከም እሱ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ የሞተ ነው።

ዳኛው ለእሑድ ቀጠረ። ወይ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ወይ ከዚህ በኋላ በቅሬው ለቅሶ ላይ አፏን አትከፍትም።

ቅዳሜ ቤቷ ሄድሁ። ባቄላ ትፈለፍላለች። የምቀመጥበትን ዱካ በእግሯ ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ።

"ልታስታርቂኝ ነው ወይስ ልትገሥጪኝ?" አለችኝ።

"አንቺዬ፣ አንዲት ቃል ናት። አጥፍቻለሁ በይና ይለፍ።"

"ምኑን ነው ያጠፋሁት? ውኃ አላለም? ወይስ ሰጥታችሁት ነበር?"

ከባቄላው አንሥቼ አብሬያት መፈልፈል ጀመርሁ።

"ጠዋት ስገባ ከንፈሩ ደርቆ ነው የማገኘው። እኔም እግሬ እያበጠ በየቀኑ አልደረስሁለትም። ከጠየቁኝ እሱንም እናገራለሁ።"

"ልጆቹ እኮ ተዋረዱ። ገበያው በስልክ እያሰማ ይስቅባቸዋል።"

"እኔ ስልክ የለኝም። የቀረጸውን ይክሰሱ።"

"እኔንስ?" አልኋት። "እኔን ደመና አልሽኝ።"

እጇ ባቄላው ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ። "ታዲያ አይደለሽም?"

ተነሥቼ ወጣሁ። ወደ ወንድሜ ቤት ተመለስሁና ብቻዬን ተቀመጥሁ። ሰልስቱ አልፎ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዷል። ጅራፉ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ከመደቡ አጠገብ ግድግዳው በአንድ በኩል ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ሲነሣም ሲተኛም በመዳፉ የሚደገፍበት ቦታ ነው። መዳፌን እዚያ ላይ ባሳርፍ ልኩ ሆኖ አገኘሁት። የሱም እጅ እንደኔ ትንሽ ነበረች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩን በራሴ ልጨርሰው ብዬ ያሰብሁት። እሷ አትሸከምም፤ ግድ የለም፣ እኔ እሸከምላታለሁ። እኔ የሟቹ እህት ነኝ፣ የተነካሁትም እኔ ነኝ። የተነካ ሰው ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ ቢለምን ማን እንቢ ይላል? እንዲህ ሳስበው ብልህ የሆንሁ መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቅሬው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ነጠላዬን አደግድጌ፣ ከአጥር የነቀልሁትን ድንጋይ ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ መሐላቸው ገባሁ።

"ኧረ! ኧረ እሜቴ! እርስዎ ምን በወጣዎት!" ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሣ።

"ስለ ማን ነው የተሸከሙት?" አለኝ ዳኛው።

"ስለ እሷ። ስለ ክርስቶስ ብላችሁ ተዉላት።"

ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም። ነገር እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው። ፊቱ ፈካ አለ። "እንግዲህ ጥፋቷን አምና ሰው ልካለች። መልካም ነው፣ ይቅር ብለናታል። ካመነች ዘንድ ግን ራሷ መሸከም ነበረባት፤ ስላልተሸከመች ከእንግዲህ በቅሬያችን ለቅሶ ላይ ግጥም ማውረዱ ይቅርባት። ይጣሉት እሜቴ።"

ክው አልሁ። ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ሰው ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። እኔ ልለምንላት ስል ያላመነችውን አምኜላት፣ አፏን በገዛ እጄ ልዘጋው ነው።

ከሴቶቹ መሐል ድምፅዋ መጣ። "ማን ላከሽ? አንቺን እኮ ነው! ያንን ድንጋይ ከእኔ አጥር ነቅለሽው ከሆነ መልሺ!"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ ድንጋዩንም አልጣልሁትም። ከጣልሁት ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ልናገር ይፈቀድልኝ። ሙሾ አውራጅ ከተከሰሰች እኮ ነገ ለቅሶ ላይ የምንሰማው ውዳሴ ብቻ ነው። ሁላችን ጻድቅ ሆነን ልንቀበር ነው! በአባቶቻችን ጊዜ ባለርስቱንም እፊቱ ቆመው ይነግሩት ነበር።"

የወንድሜ ታላቁ ልጅ ብድግ አለ። "አባባ፣ እርስዎ ሚስትዎ ፊት እንኳ ቀና ብለው ተናግረው አያውቁም፣ ዛሬ ነው አፍ ያወጡት?"

"ለዚህ እኮ ነው አንድ ተናጋሪ እንኳ ይኑረን የምለው!" አሉ ሽማግሌው፤ ወንዱም ሴቱም ሳቀ።

ልጁ አልሳቀም። ዓይኑ ቀልቷል። "በየለቅሶው የሰው ስም ማንሣት መናገር ነው እንዴ? አባቴን ቀበርሁ፣ በሰልስቱ ሰው ሱቄ በር ላይ ይስቅብኛል። እኔ ሰው አይደለሁም?"

እውነቱን ነው። እሱም ሰው ነው። በልጅነቱ ያዘልሁት ልጅ ነው። ግን እንዳጎነበስሁ አፌን ከፈትሁ፤ በዚያ ቅሬ ፊት ረዘም አድርጌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፣ የመጨረሻዬም ይመስለኛል።

"ይህን ድንጋይ እሷ አልላከችኝም። ያመጣሁት በራሴ ስሕተት ነው፣ ስለዚህ በእሷ እንዳትቆጥሩባት። እኔን ደመና ብላኛለች። ባለፈው ወር በዚህ መንገድ ወደ ላሊበላ ሳልፍ ከመኪናው መስኮት የወንድሜን ጣራ አይቼዋለሁ። ጭስ አልነበረውም። አውርዱኝ ብል ያወርዱኝ ነበር። ስመለስ እገባለሁ ብዬ አለፍሁ። ስመለስም አልገባሁም፤ ከላዩ ላይ አለፍሁ። እሷ ይህን ሳታውቅ ነው ደመና ያለችኝ።"

ድንጋዩን ከማጅራቴ አውርጄ እግሬ ሥር አስቀመጥሁት።

"ሲሰማ ያማል፣ አሁንም ያመኛል። ግን ያመመኝን ሁሉ ዝም ላሰኝ ካልሁ ማን እውነቱን ይነግረኛል? ውሸት ከሆነ ቆማችሁ ውሸት ነው በሏት። አፏን ግን አትዝጉባት።"

ዳኛው ጺሙን ዳበስ አደረገ። በኋላ ወደ ልጁ ዞሮ "መልስ ካለህ ስጥ" አለው። "እዚሁ፣ ሁላችን ፊት።"

ልጁ ወደ ፊት ወጣ። "በየወሩ እህል ልኬለታለሁ" አለ። "ጠይቁ። አንድ ወር አላጎደልሁም።"

"እሱ እውነት ነው" አለች ሙሾ አውራጇ ከኋላ። "እህሉ ይመጣ ነበር። የሚያስፈጭለት ነው ያልነበረው። እኔ ስችል አስፈጭቼለታለሁ፣ ሳልችል ቆሎ ቆልቼ ሰጥቼዋለሁ። በመጨረሻ ጥርሱም አላኘከለትም። ይህንም በግጥም ልበለው?"

የሳቀ የለም። ልጁ ከዘራውን አንሥቶ በሰዉ መሐል ሰንጥቆ ወጣ። ዳኛው "ሙሾ የከለከልነው የለም፤ በእሷ ላይ የተባለው ቀርቷል" አለና ጸሎት አስደረሰ። አለቀ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያሸንፍ እልል የሚል መስሎኝ ነበር። ሁሉም ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ አባቱ ቤት መጣ። ቁልፍ ይዟል። ጨርቄን ጠቅልሎ ደጅ መደቡ ላይ አኑሮልኛል፤ በሥርዓት ነው የጠቀለለው፣ ዳቦም ጨምሮበታል።

"ቤቱ ሊዘጋ ነው አክስቴ።"

"እሺ ልጄ።"

"ለአርባው እኛው እንደምንሆን እንሆናለን። እርስዎ አይድከሙ።"

አትምጪ ማለቱ ነው። የገዛ ወንድሜ አርባ ላይ። ልስመው ጉንጩን ፈለግሁ፣ ትከሻውን ሰጠኝ። ትከሻውን ስሜ ወጣሁ።

መንገድ ዳር መኪና ስጠብቅ ሙሾ አውራጇ ያበጠ እግሯን እየጎተተች መጣች። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። አላመሰገነችኝም። አጠገቤ ተቀመጠችና መንገዱን ታይ ጀመር።

"አልላክሁሽም ነበር" አለች ቆይታ።

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ስትሞቺ አሳምሪልኝ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ሰው ፊት ቆመሽልኛል ብዬ አላሳምርልሽም።"

"አታሳምሪው" አልኋት። "ብቻ ነይ።"

"የት ነው የምመጣው? የት እንደምትሞቺ ማን ያውቃል?"

ወደ ጋሸና የሚሄድ አይሱዙ ብቅ ሲል ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ጨርቄን ይዛ ወደ ላይ አቀበለችኝ፣ ለረዳቱም "ቀስ፣ አሮጊት ናት" አለችው። መኪናው ሲነሣ ዞሬ አየኋት። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ በሞተሩ ጩኸት ምን እንዳለች አልሰማሁም።