የጋሽ ኩመራ ጭሰኛ

የቡሬው ገበሬ ጋሽ ኩመራ ሲያረጁ የቡና መሬታቸውን ለጎልማሳው ደቅሲሳ በእኩል ሰጡ። በንጉሡ ዘመን የደቅሲሳ አያት ባላባት፣ የጋሽ ኩመራ አባት ደግሞ ጭሰኛቸው ነበሩ፤ ደርግ መሬቱን ለአራሹ ሲሰጥ ነገሩ ተገለበጠ። ዘንድሮ ቡናው ተለቅሞ ቢደርቅም የባለመሬቱ ድርሻ አልመጣም።

«ባለመሬቱ አንተ ነህ! ሂድና ድርሻችንን አምጣ» አሉ ባለቤታቸው ዘውደነሽ።

ጋሽ ኩመራ መንገዱን ሙሉ ቁጣ ሲለማመዱ ሄዱ። ደቅሲሳን በረንዳው ላይ ሲያዩት ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ።»

«ግዴለም ጌታዬ፣ መቆም ይሻለኛል።»

«የዘገየሁት እኮ ቡናውን የሚጭንልኝ ባጃጅ አጥቼ ነው።»

«ታዲያ ምነው አይልኩብኝም? አህያዬ አለች አይደል!»

አመሻሽ ላይ ዘውደነሽ አህያዋ ባዶዋን ስትመለስ አይተው «ድርሻችንስ?» አሉ።

«ነገ» አሉ ጋሽ ኩመራ ላባቸውን እየጠረጉ፤ «ዛሬ የእሳቸውን ድርሻ ገበያ አደረስኩላቸው።»