ጎንብሼ የቀረሁበት ሽምግልና

ይህ የሆነው አምና በጥቅምት ነው። ወገቤን በጠቀጠቀኝ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

የምኖረው አሰላ ነው። ሰላሳ ዓመት ቆሜ ያስተማርኩበት ወገብ ብርድ ሲመጣ ይከዳኛል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ እኔን ግን ያለኝም አጥንት አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል።

ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ያሳደግኩት ልጁ ሳጉሬ ከተማ የምትኖር አንዲት ልጅ ወደደና «አጎቴ፣ ሽማግሌ ሆነህ ጠይቅልኝ፤ ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?» አለኝ። ወገቤን አሞኛል ልበለው? ዋጥ አድርጌ እሺ አልኩ። ባለቤቴ ወገቤን በሱፍ ሻርፕ ልጠቅልልልህ ብላ ብትለምነኝ፣ «ኮቴ አይቆለፍም» ብዬ እምቢ አልኳት። የእኔ ነገር!

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በማለዳ ሚኒባስ ያዝን። ሳጉሬ ስንወርድ ጉልበቴ አልታጠፍ፣ ወገቤ አልዘረጋ ብሎ ነበር።

የልጅቷ አባት «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን። ወጉ ነውና «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አልን። ሦስቴ ለመኑን፣ ሦስቴ እምቢ አልን። ሆዴ ግን «ኧረ ተቀመጥ አንተ ሰው!» ይለኛል። አንደኛው ጓደኛዬ ደግሞ ምርቃቱን ከአዳምና ከሔዋን አይጀምረው መሰላችሁ!

በመጨረሻ ተራዬ ደረሰ። «ልጅዎን ለልጃችን…» ብዬ እጅ ልነሳ ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጭ አለና እዚያው ቀረሁ።

ሰውየው ደነገጡ። «ኧረ በሥላሴ! ይህን ያህል አይጎንበሱልኝ፤ ቀና ይበሉ!»

«ብችል መች ጠላሁ! ወገቤ ነው፣ ጌታዬ!» አልኩ። ላብ አጠመቀኝ። የልጁን ነገር አበላሸሁበት ብዬ እንባዬ መጣ።

ጓደኞቼ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሰውየው ግን ብብቴን ደግፈው መደብ ላይ በሆዴ አስተኙኝ። ሚስታቸው ስንዴ አሙቀው በጨርቅ ቋጥረው አመጡ። አባትየው ራሳቸው «እኔንም ጉልበቴን እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። አቃጠለዎት እንዴ?» እያሉ ወገቤ ላይ ያዙልኝ። ሙቀቱ ሲገባኝ ነፍሴ መለስ አለች። እንደተኛሁም ጥያቄዬን ጨረስኩ።

ሽማግሌን ሁለቴ ሦስቴ ማመላለስ ወግ ነው። እሳቸው ግን ጓዳ ገብተው ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር ተማከሩና ተመለሱ።

«ልጅቷም ፈቅዳለች። እኔም ይህን ወገብ በዚህ ብርድ ዳግመኛ አላመላልሰውም። ሰጥተናል!» አሉ።

ልጆቹ በጥር ተጋቡ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሐኪም እንደመከረኝ ቀስ እያልኩ እራመዳለሁ፤ ሲብስብኝ ስንዴ አሙቄ እይዛለሁ። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀኝም፣ እንደ ድሮው ግን አላማርረውም። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ዛሬ ላገኘሁት ሁሉ አወራዋለሁ። የወንድሜን ልጅ ቀጥ ብዬ መቆም ቢያቅተኝ፣ ጎንብሼ ድሬዋለሁ።