የእጅ አንጓ ያለው ዓሣ

እንደ ፈረንጆቹ 2010 አካባቢ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖር ነበር። ጠዋት ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ከሰዓት ኮሌጅ ባዮሎጂ እማራለሁ። አባቴ ደብረ ማርቆስ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ የተማርኩትን በስልክ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። አንድ ቀን ምን እንዳስቀባጠረኝ እንጃ፣ አርክቲክ አለት ውስጥ ስለተገኘ ዓሣ አወራሁላቸው። ክንፍና ቅርፊት አለው፤ ክንፉ ውስጥ ግን እንደኛው የክንድና የእጅ አንጓ አጥንት አለ። በእግር የሚሄደው ሁሉ የመጣው ከእንዲህ ያለው ዘር ነው አልኩ፣ እኛም ጭምር።

«እኔ ዓሣ አልወለድኩም» አሉና ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ ስደውል ስልኩን እናቴ ብቻ ናት የምታነሳው። አባቴ ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሁለት ወር እንዲህ ሲሆን አንጀቴ አልችል አለ፤ እዚሁ አቅራቢያዬ አሌክሳንድሪያ ያለውን ታላቅ ወንድሜን ይቅርታ ጠይቅልኝ ብዬ ለመንኩት። በእሱ አይጨክኑም።

ዓርብ ፋይናል አለብኝ፣ ሰኞ ወንድሜ ኮል አደረገኝ።

«አናገርኳቸው። ምን አሉ መሰለሽ? ‹ዓሣም ብትሆን ልጄ ናት።›»

ሳቅሁ። በዚያ ሳምንት ደህና ተኛሁ። ፈተናው ላይ ያው የፈረደበት ዓሣ መጣ። ፈላጊዎቹ ከእሱ በፊት ዓሣ ብቻ እንደነበረ፣ ከእሱ በኋላ ባለ እግር እንደመጣ ያውቁ ስለነበር መሐሉ በየትኛው ዘመን አለት እንደሚገኝ ገምተው ቆፈሩ፣ አገኙትም ብዬ ጻፍኩ። ኤ አገኘሁበት።

ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ወንድሜ ነው፤ ከኋላው ጥቁር የለበሱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ አበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። አባቴ ከሞቱ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ፈተናዬ እንዳይበላሽ ተማክረው፣ መርዶውን እስከ ቅዳሜ አቆዩት።

አላለቀስኩም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ቀን እቆጥር ነበር። ሰኞ ወንድሜ ሲደውልልኝ አባቴ ከሞቱ ሳምንታቸው ነው።

ለቀስተኛው ቀለል ሲል ወንድሜን ወጥ ቤት አገኘሁት። ይቅርታዬን ሰምተው ነበር ወይ አልኩት።

«ልደውል ስል ነው የሞቱት» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ቢኖሩ ግን ይሉት ነበር።»

አልተቆጣሁም። ምንም አልተሰማኝም፤ ብርጭቆ አጠብኩ። እሱም አባቴን ያውቃቸዋል፣ ምናልባት ልክ ገምቷል። እኔ ግን ቆፍሬ የማረጋግጥበት አለት የለኝም።