የእኅቴ የየሺ ቀኝ እጅ

እኅቴ የሺ ታላቄ ሆና ሳለ እሷ ከትምህርት ቤት በር ተመልሳ እኔ ታናሿ እንድገባ የተደረገው በግፍ ነው። ነገሩ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግፍ ግን ስላረጀ ግፍነቱ አይቀርምና ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄን ሶልያናን ጂምናስቲክ ላስመዘግባት ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ካለ ሕንፃ ምድር ቤት ይዣት ወረድኩ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሶፋው ላይ እየተገለበጠች ቤት ውስጥ ብርጭቆ አላስተርፍ ስላለችን ነው እዚያ መሄዳችን። በሩ ሲከፈት ልጆቹ የሚንጠለጠሉበትን ብረት ከመጨበጣቸው በፊት መዳፋቸውን የሚያሹበት ነጭ ዱቄት አፍንጫዬን መታው፤ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ሌሎቹ እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው ስልካቸውን ይነካካሉ፤ እኔ ግን ወዲያው ያ የልጅነቴ ትምህርት ቤት በር ፊቴ ተደቀነ።

ያኔ ይህ ሁሉ ፎቅ የቆመበት ቦታ የጤፍ ማሳና ረግረግ ነበር፤ ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ደርሶ ሲያልፍ ዶሮዎቹ አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር አናውቅም። እናቴ የሺን በጥምቀት ማግስት እንደወለደቻት፣ እኔ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በኅዳር ሚካኤል እንደመጣሁ ትናገራለች፤ ትምህርት ቤቱ ግን የሚያምነው እናትን ሳይሆን ክንድን ነበር። ቀኝ እጅ በአናት ላይ ተሻግሮ የግራ ጆሮን ከነካ ልጁ ለትምህርት ደርሷል፣ ካልነካ ይመለሳል። እኔ እጄ እንደ ሸረሪት እግር ረጅም ስለነበር ጆሮዬን ጨብጬ ገባሁ። የሺ ደግሞ አጭርና ድብልብል ነበረችና ጣቶቿ ጸጉሯ ላይ ቀሩ። እናቴ ታላቅየዋ እሷ ናት ብላ ብትለምን ዘበኛው እንኳን ዞር ብሎ አላያትም።

የሺ አላለቀሰችም። በማግስቱ ከቤታችን ጀርባ ካለው ሾላ ቅርንጫፍ ላይ በቀኝ እጇ መንጠልጠል ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሩቅ አያታለሁ፤ አትወዛወዝም፣ እግሯን አታንቀሳቅስም፣ ዓይኗን ጨፍና አገጯን ወደ ላይ አቅንታ እንደ ተሰጣ ቀሚስ ተንጠልጥላ ትቆያለች፤ ቀሚስ እንኳን ንፋስ ያነሳዋል፣ እሷን ግን ንፋስም አይነካት። ብጠራት አትመልስልኝም። አውሮፕላን ሲያልፍ ብቻ ከጉሮሮዋ ያንኑ የሚመስል እምምታ ይወጣል፤ አውሮፕላኑ ከራቀ በኋላም ድምፁ እዚያው ሾላው ሥር ይቆያል። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ቀስ በቀስ መንገድ ቀየሩ።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን እናቴ የየሺን ሁለት ክንዶች በመቀነቷ ለካቻቸው፤ ቀኙ ከግራው ይበልጣል። ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ለካች። ከዚያ መቀነቷን አጥብቃ ታጠቀችና ስለዚያ እጅ ማንም እንዳያወራ ከለከለችን።

መስከረም ሲጠባ የሺ ማንም ሳይወስዳት ብቻዋን ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። እጇን በአናቷ ላይ አሻገረችው፤ ጆሮዋን አልፎ አገጯ ሥር ደረሰ። የዳይሬክተሩ ፊት ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረና «ይቺማ ለባል ደርሳለች፤ ከሕፃናት ጋር ምን ልትሠራ ነው?» ብሎ ሳቀ፣ በሩንም አስዘጋው። መጀመሪያ ትንሽ ነሽ አሏት፣ ቀጥሎ ትልቅ ነሽ አሏት፤ ልክ የነበረችበት ቀን የትኛው እንደሆነ ግን የነገራት የለም።

በዚያው ዓመት ተስቦ ገብቶ የሺን ወሰዳት። የገነዟት ሴቶች ሲያንሾካሹኩ ከበር ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ቀኝ እጇን ከጎኗ ሲያጋድሙት እየተነሳ ወደ አናቷ ይመለስባቸው ነበር። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለሶልያና እናትም ቢሆን። እኔ ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ደርሼ ተውኩት። ያቺ ያወቅኳት ትንሽ ንባብም ግማሿ የየሺ እንደሆነች ይሰማኛል።

እንግዲህ አሰልጣኟ፣ ልጆቹ ኮች ቤቲ የሚሏት ቱታ የለበሰች ወጣት፣ ስለ ዕድሜ ስትነግረኝ በምን ጆሮ እንደሰማኋት ገምቱ። የመጀመሪያው ሌቭል ላይ ያሉት ብዙውን ጊዜ ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ናቸው አለችኝ፤ ስምንትና ዘጠኝ ሲሆኑ ወደ ሦስተኛው ይወጣሉ፣ በሶልያና ዕድሜ ያሉትማ በቀጭኑ እንጨት ላይ ተገልብጠው በእግራቸው ይቆማሉ። መጣ፣ ያው ክንድ ተመልሶ መጣ አልኩና ለጠብ ነጠላዬን አጣፋሁ።

ይህን ጊዜ ሶልያናን እስቲ ትሞክር ብለው ብረቱ ላይ ሰቅለዋት ነበር። አጠገቧ ያሉት ሕፃናት እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛሉ። እሷ ግራ እጇን ለቀቀች፤ በቀኟ ብቻ ተንጠልጥላ ዓይኗን ጨፈነች፣ አገጯን ወደ ላይ አቀናች፣ ቀጥ አለች። ከላይ አውሮፕላን ሲያልፍ የመስታወቱ ግድግዳ ተንቀጠቀጠ፤ አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላም እምምታው ከአዳራሹ አልወጣም። ከጎኗ የነበረች ሕፃን ብረቱን ለቃ ወደ እናቷ ሮጠች።

ወደ አሰልጣኟ ዞርኩ። ስለ ሶልያና ልጠይቅ አስቤ የወጣኝ ሌላ ነው፤ ትንሽ ነሽ ተብላ የተመለሰች ልጅ፣ አድጋ ስትመጣ ደግሞ ትልቅ ነሽ ተብላ ከተመለሰች መቼ ነው የምትገባው አልኳት። ለኮች ቤቲ የማወራላት ልጅ ከሌላ ቦታ የተባረረች የሰፈር ልጅ መሰለቻት፤ ፊቷ በንዴት ቀላ፣ ልጅቷ ውጭ ቆማ እንደሆነ ለማየትም ወደ በሩ አንገቷን አሰገገች።

«እማማ፣ እኛ ጋ የመነሻ ዕድሜ እንጂ የማብቂያ ዕድሜ የለም» አለችኝ። «ሶልያና ከትንንሾቹ ጋር ትጀምርና በችሎታዋ ታልፋለች። ያቺኛዋስ የት ናት? ነገ ይዘዋት ይምጡ።»