ሦስተኛው ሳጥን

የጊታሩ አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ የሚያገናኙት ስፒከር ከአራት ኦም እንዳያንስ የሚል ማስጠንቀቂያ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ላይ ሸክሙ ይበዛል ማለት ነው። ያቺን አንዲት መስመር ማንም ሳያስተምረኝ፣ የተቃጠለ ዕቃ ፈትቼ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ፣ እንደገና ፈትቼ ለመረዳት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ሰው "ተወው፣ ይችላል" ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

አምፕሊፋየሩ ቦንጋ የምናገለግልበት የቤተ ክርስቲያን ኳየር ንብረት ነው። ሞቶ ዕቃ ቤት ተጥሎ የነበረውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ጊታር የምናሰማበት ሌላ ዕቃ የለንም።

በበጋው ለአገልግሎት ወደ ዋጫ ሄድን። የያዝነው ስፒከር ሳጥን ስምንት ኦም ነው፤ የዋጫዎቹም እንደዚያው። ሁለቱንም በመልቲሜትር ለካኋቸው። ስምንት የተጻፈበት ሳጥን በመለኪያ ሲታይ ስድስት ግድም ነው የሚነበበው፤ መለኪያው ሁሌም ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ልክ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ ኦሙ በግማሽ ወርዶ አራት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቦታ የለም።

ሊጀመር ሲል አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ሳጥን በሞተር ሳይክል አስጭነው ከገጠር መጡ። እኛ ጋ ለእንዲህ ያለ ቀን ሁሉም ያለውን ያመጣል፤ ያመጣውን አለመቀበል ሰውየውን አለመቀበል ነው። የኳየሩ ሰብሳቢ ወዲያው "ይሄንንም ሰካው" አለኝ።

"አይቻልም ጋሼ። ሦስተኛ ከተጨመረ ከሦስት ኦም በታች ይወርዳል።"

"ይኸው፣ ኢንጂነራችን ጀመረው!" አለ ሰብሳቢው። ሰው ሳቀ። "ቃሬዛ ስምንት ሰው ሲይዘው ይቀላል እንጂ ይከብዳል እንዴ?"

"ሳጥኖቹ ተሸካሚ አይደሉም። ሸክሙ እነሱ ናቸው። ተሸካሚው አምፕሊፋየሩ ነው።"

"ታዲያ ሳጥኑ ጀርባ ላይ ሌላ ቀዳዳ ለምን ሠሩለት? ቀዳዳ ካለ ይገባል ማለት ነው!"

አሁንም ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "የኔ አይፈለግም ማለት ነው?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። አንዱ ቢበላሽ በሱ እንደምንተካ ነግሬያቸው ሳጥኑን መድረኩ ጥግ አስቀመጥኩት። እሺ አሉኝ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ምሳ ብላ ተብዬ ሄድኩ። እጄን እየታጠብኩ ሳለ የጊታሩ ድምፅ ድንገት ከፍ አለ። ሮጬ ተመለስኩ። የሦስተኛው ሳጥን ገመድ ከሁለተኛው፣ ከኛው ሳጥን ጀርባ ተሰክቷል። አምፕሊፋየሩን በእጄ ነካሁት፤ ከመጋሉ የተነሳ እጄን ላቆየው አልቻልኩም። ማጥፊያውን ልጫን ስል ሰብሳቢው ከመድረክ ላይ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ በመዝሙር መሀል እንዳትነካ ማለቱ ነው።

እኔም አልነካሁም። ጣቴ ከማጥፊያው አንድ ስንዝር ርቆ መዝሙሩ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። አላለቀም። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ቀጥሎ ጊታሩ ዝም አለ።

"ድሮም አሮጌ ነው" አለ ሰብሳቢው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ጠገንኩ ብሎን ነበር እኮ!"

መጥተው የጠየቁኝ ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። "ልጄ፣ የኔ ሳጥን ነው ያቃጠለው?"

"አይደለም አባባ። ሳጥንዎ ደህና ነው። የተሰካው በዝቶ ነው።"

"እኔ አልሰካሁትም።"

"አውቃለሁ" አልኳቸው። ማን እንደሰካው አውቅ ነበር፤ ከሰብሳቢው ሌላ ያን ሳጥን ካልሰካን ያለ አልነበረም። ግን እስከ ቦንጋ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ ከሱ ጀርባ ተቀምጬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ ነው፤ ከሱ ሳቅ ይልቅ የኔ ዝምታ።

ቤቴ ስፈታው ኃይል የሚያወጡት ትራንዚስተሮች ሁሉ ተቃጥለዋል። ከአሮጌ ቴፖች ውስጥ የሚገጥሙትን ለቃቅሜ ተክቼ አስነሳሁት። ቀጥዬ የሳጥናችንን ትርፍ ቀዳዳ በቆርቆሮ ሸፍኜ እንዳይነቀል በሪቬት ሚስማር መታሁት።

ሰብሳቢው ዕቃዎቹን ሊወስድ ሲመጣ ጣቱን ቆርቆሮው ላይ አስኬደ። "ይሄን ደግሞ ለምን ደፈንከው?"

"ቀዳዳ ካለ ይገባል ስላሉኝ ነው።"

ሊስቅ ከጀለ። እኔ አልሳቅሁም።

"ዋጫ ላይ የሰኩት እርስዎ ነዎት" አልኩት። "ከአሁን በኋላ የምሰካው እኔ ነኝ። ከጋለም በመዝሙር መሀል አጠፋዋለሁ። ካልተስማሙ ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

አምፕሊፋየሩን ሊያነሳ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። "ለሽቦ ነው እንዲህ የምትቆጣው?" አለኝ።

አምፕሊፋየሩን ራሴ ተሸክሜ ወደ በሩ ቀደምኩት።