ለኤሊዋ የሚሆን ዕቃ

ባለፈው ቅዳሜ ዳንግላ ገበያ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ሳፋዎቿን በጣቷ እያንኳኳች ጥንካሬያቸውን ታሳየኝ ነበር። የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ፀሐይ ካሞቀው ሸራ ሥር ታፍኖ አፍንጫዬን መታኝ። ሳላውቀው አንዱን ሳፋ አንስቼ ከወለሉ ወደ ላይ በጣቶቼ እለካ ጀመር። ነጋዴዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «እህቴ፣ ትገዣለሽ ወይስ ትለኪያለሽ?» አለችኝ። የልብስ ማጠቢያ ልገዛ የሄድኩት ሴትዮ፣ ውሃው እስከ ኤሊ አገጭ ስንት ጣት እንደሚሆን እየለካሁ ነበር።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እንጅባራ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ከድሮ ስሟ ከቆሰበር ሌላ ስም አልነበራትም። ታላቅ ወንድሜ ወደ ቻግኒ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። አንድ ቀን ከቆላ ሲመለስ የእጄን መዳፍ የምታህል ኤሊ በጃኬቱ ኪስ ይዞልኝ መጣ። ቅርፊቷ ቢጫና ጥቁር የተዥጎረጎረ፣ እርጥብ አፈር አፈር የምትሸት ነበረች። «መንገድ መሀል ቆማ፣ ጎማ ሊጨፈልቃት ነበር» አለ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ የእኛ ብርድ አልተስማማትም። ጎመን ባቀርብላት አትበላም፣ ዓይኗን አትገልጥም፣ የአንገቷ ቆዳ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሸበሸበ። እንስሳት ክሊኒክ ይዣት ብሄድ ባለሙያው ሳቀ፤ «እኔ የማክመው ላምና በግ ነው» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ግን አዘነልኝ። «ውሃ ጠምቷት ይሆናል። በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጫት። ከአገጯ እንዳያልፍ ብቻ፤ የየብስ ኤሊ ስለሆነች መዋኘት አትችልም።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ውሃና ዕቃ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

መጀመሪያ የልብስ ሳፋችንን አነሳሁ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ነጠላዬ በሚታጠብበት? አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ!» ብላ ነጠቀችኝ። ለእናቴ ኤሊ አውሬ ነበረች፤ የነካችው ዕቃ ሁሉ ረከሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተጣለ ነገር መልቀም ሥራዬ ሆነ። እጀታው የተሰበረ ባልዲ አገኘሁ፤ በጣም ጥልቅ ስለነበር ስትገለበጥ አላየሁም፣ ባልደርስላት ሰምጣ ነበር። የተጣመመ ትሪ ሞከርኩ፤ ጠርዙን ተሻግራ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ጎረቤታችን የጣለችው የብስኩት ዕቃ ቁመቱ ልክ ነበር፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ እንደ መስታወት ውጭውን ስለሚያሳይ ግድግዳ መኖሩ አልገባትም። በአፍንጫዋ እየገፋች፣ በጥፍሯ እየቧጠጠች ቆይታ ደክሟት አንገቷን ደፋች። ያ የጥፍሯ ድምፅ ራስ ምታት ሆነብኝ።

ለወንድሜ ደወልኩለት። «ሄሎ? ማን? ኤሊዋ? ምን ውስጥ...» ብሎ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

በመጨረሻ ባዶ የዘይት ጀሪካን ከሱቅ ለምኜ አመጣሁ። ቢላ እሳት ላይ አግዬ ለሁለት ስከፍለው ጣቴን አቃጠልኩ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ ኤሊዋን ሳስቀምጣት አራቱም እግሮቿ በየፊናቸው ተንሸራትተው በሆዷ ተዘረጋች። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፈፈ። አወጣኋትና ጀሪካኑን በእርግጫ ስለው አጥር ሥር ደረሰ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ።

ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ የሚሆናት ዕቃ እዚያው ቤታችን ውስጥ መኖሩ ነበር። አያቴ ከአዘና ገጠር እኛ ዘንድ ሲመጡ ይዘውት የመጡት፣ ከዋንዛ የተፈለፈለ የእግር መታጠቢያ ገበቴ። ሰፊ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ሙቀት ይይዛል፣ ወለሉ አያንሸራትትም። ከመጀመሪያው ቀን ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ብለምናቸው ግን «የእግሬን ዕቃ ለአውሬ?» ብለው በአገውኛ አጉረመረሙብኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የተሰነጣጠቀ ተረከዛቸውን በየምሽቱ ለብ ባለ ውሃ ካላራሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ያን ዕለትም በረንዳው ላይ እግራቸውን ነክረው ተቀምጠዋል። ለቅሶዬ ሳይሰለቻቸው አልቀረም።

«በይ አምጫት» አሉ።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ እምቢ ብለዋል።»

«አምጫት አልኩሽ! ውሃው ሳይቀዘቅዝ።»

በእግሮቻቸው መሀል አስቀመጥኳት። ትንሽ ፈዛ ቆየች። ከዚያ የፊት እግሮቿን የአያቴ አውራ ጣት ላይ አውጥታ ተደገፈች፣ አንገቷን ዘረጋች፣ አፏን ውሃው ውስጥ ነከረች። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

«እየጠጣች ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ፣ ታስደነግጫታለሽ» አሉኝ በሹክሹክታ።

እናቴ ፎጣ ይዛ ስትወጣ ክው ብላ ቀረች። «ምነው አባባ! ከአውሬ ጋር እግር ይታጠባሉ?»

«እሷም እግር አላት» አሉ።

ኤሊዋ ብዙም ሳትቆይ ውሃውን አቆሸሸችው። እኔ በሀፍረት መግቢያ ሳጣ፣ አያቴ «እፎይ አለች» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ይነከሩ ነበር። እሷ አውራ ጣታቸውን ከተደገፈች አያቴ እግራቸው ቢደነዝዝ እንኳ አይነቃነቁም። ዓይኗ ተገለጠ፣ ጎመኑንም መብላት ጀመረች። ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ከጣራው አልወርድ አለ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ ኤሊዋም እንደገና ፈዘዘች። ወንድሜ «ይህ አገር የሷ አይደለም» ብሎ ወደ ቆላ መልሶ ወሰዳት። በኪሱ ሲከታት አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወንድሜ በመጣ ቁጥር አያቴ እሱን እንዴት ሰነበትክ ሳይሉ «እንዴት ናት?» ይሉታል። «ደህና ናት አባባ፣ ሣሩን ትግጣለች» ይላቸዋል። ከለቀቃት ወዲህ አይቷት እንደማያውቅ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር። «እሰይ» ይላሉ። እናቴ የሞቀውን ውሃ ስታቀርብላቸውም፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ እግራቸውን ወደ አንድ ጎን ሰብሰብ አድርገው ግማሹን ገበቴ ባዶ ይተዉት ነበር።