የጡት አባቷ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ

ቪዲዮውን ለፍርድ ቤት ያስረከብኩት እኔ ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ፖሌግ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ከምሠራበት መጋዘን የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምኜ፣ ፍላሹን በገዛ እጄ ለጠበቃዬ ሰጠሁት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ እንገበገባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷን ሳገባ ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነበር። የወለዳት ሰው ገና በሆድ ሳለች ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ስሙ ግን በመዝገብ ላይ “አባት” በሚለው መስመር ጉብ ብሎ ተቀምጧል። የሠርጋችን ሰሞን የሁለታችን ሽማግሌዎች ኪርያት ኖርዳው በሚባለው ሰፈራችን፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ የአባቴ አጎት፣ ሌላውን ጨዋታ አቋርጠው ወደ እኔ ዞሩ።

“እንጀራ አባት ሆነህ አትገባም” አሉኝ። “ከገባህ አባት ሆነህ ግባ። ልጅቷን ጡት አጥባ።”

የአገራችን ወግ ነው። ሰው ያልወለደውን ልጅ ልጄ ነው ሲል አውራ ጣቱን ታጥቦ ማር ይቀባል፣ ልጁም በሽማግሌ ፊት ይቀምሳል። ከዚያ በኋላ ልጁ የጡት ልጅ፣ ሰውየውም የጡት አባት ነው። እኔም ታጠብኩ፤ ማሩ ተቀባልኝ። ልጅቷ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፤ ቀጥላ ማሰሮው ይምጣልኝ ብላ አለቀሰች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው “ከእንግዲህ የእሱ ናት፤ እኛ ምስክር ነን” አሉ። የአክስቴ ልጅ ሁሉንም በስልኩ ቀረጸው።

ከዚያ ወዲህ አባት ነበርኩ። በዕብራይስጥ ጋን የሚሉት መዋዕለ ሕፃናት አደረስኳት፤ ጸጉሯን መሥራት ተማርኩ፤ ባልችልበትም ሠራሁት። ማዕበል ትፈራ ስለነበር አንድ በጋ ሙሉ ባሕሩ ዳር ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ብቻ እየገባን ቆምን። የጉዲፈቻ ወረቀት ማውጣት የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣ። ሽማግሌ የመሰከረበትን ነገር ደግሞ ምን ብዬ ቢሮ ሄጄ ልጠይቅ? ስንፍና አልነበረም። ያለቀ ነገር ስለመሰለኝ ነው።

ከእናቷ ጋር ስንፋታ ማን እንዳጠፋ እዚህ አልጽፍም፤ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ያው ሽማግሌዎች እንደገና ተቀመጡና ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰንበት መውጫ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ግን ከእኔ ጋር እንድትሆን ወሰኑ። ሁለታችንም ጉልበታቸውን ስመን ተነሣን። አሁንም ወረቀት የለም። ሁለት ወር ያህል ልጅቷ በየዓርቡ ቦርሳዋን አዝላ መጣች። በሦስተኛው ወር እናቷ ደወለች።

“ጠበቃዬ ጉዳዩ እስኪወሰን ልጅቷን አትስጪው ብሎኛል” አለች። “እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው ያለው።”

“ሽማግሌዎቹስ?”

“ሽማግሌዎቹ ቤት ሚሽፓት አይደሉም” ብላ ዘጋችው።

ቤት ሚሽፓት ማለት ፍርድ ቤት ነው። እሺ አልኩ፣ ፍርድ ቤት ከሆነ ፍርድ ቤት። እኔም ጠበቃ ያዝኩ፤ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ፣ ደህና ልጅ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው ተውዳ አለህ ወይ፣ ማለትም የምስክር ወረቀት አለህ ወይ የሚል ነበር። ቪዲዮ አለኝ አልኩት። አንገቱን አከከ። ዝም ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው።

ሽማግሌውን፣ የአባቴን አጎትም ይዤ ሄድኩ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ከጧት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። የጠራቸው የለም። ውስጥ ዳኛዋ ቪዲዮውን ከፈተች። ልጅቷ ማሰሮው ይምጣ ብላ ስታለቅስ ዳኛዋ ፈገግ አለች። እኔ ሞኙ ደረቴ ተነፋ። በቃ፣ ገባት አልኩ።

የእናቷ ጠበቃ ብድግ አለ። በዕብራይስጥ የተናገረው እንዲህ ነበር፦ “ክብርት ዳኛ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አንፈልግም። ሰውየው ይህችን ልጅ እንደ አባት ሊያሳድግ በሰው ፊት ግዴታ ገብቷል። ቀለብ ይክፈል።”

ተፈረደ። ቀለብ እንድከፍል። ልጅቷን የማየቱ ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው ተባለ፤ በሕግ ወላጅ ስላልሆንኩ የሶሻል ሠራተኛ አስተያየት ያስፈልጋል። እስከዚያ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በመገናኛ ማዕከል፣ ሰው ቁጭ ብሎ እያየን።

“ያው ቪዲዮ ነው እኮ!” ብዬ ጮህኩ። ጠበቃዬ እጅጌዬን ጎተተኝ። “ለግዴታው ከበቃ ለዓርቡ እንዴት አይበቃም? የጡት አባቷ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ!” ዳኛዋ በጨዋ ድምፅ እንድቀመጥ አዘዘችኝ።

ኮሪደር ላይ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። “ምን ተባለ?” አሉ። ነገርኳቸው። “እኛን ሳይጠይቁ?” አሉኝ። ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ያንኑ ደጋገሙት። እኔ ደግሞ በእሳቸው ተናደድኩ፤ በኋላ አፈርኩ።

ቀለቡን አልጠላሁትም። ይህን ልብ በሉልኝ። ማንም ሳይፈርድብኝ እሰጥ ነበር፤ ልጄ ትብላ፣ ትልበስ። ያበገነኝ ለባንኩ አባት፣ ለልጅቷ ባዕድ መሆኔ ነው።

ማዕከሉ ጠባብ ክፍል ነው፤ የተሰበሩ መጫወቻዎችና የሕፃን ወንበሮች አሉት። የመጀመሪያው ቀን ሶሻል ሠራተኛዋ ቅጽ አወጣች። ወላጅ፣ አያት፣ ወንድም ወይም እኅት፣ ሌላ። “ምኗ ነህ?” አለችኝ። የጡት አባት ምን እንደሆነ ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋት። ጨዋ ሴት ናት፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። “እንዴት ደስ የሚል ባህል ነው” አለችና “ሌላ” የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ልጅቷ ከጎኔ ሆና እስክሪብቶውን አየች። አሥር ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ከቻለች ቆየች።

ለሳምንታት ካርታ ተጫወትን። ልጅቷ ዓይኗን ከካርታዋ አታነሣም። እኔም ቂም ይዤ ስለምገባ ያችን አንድ ሰዓት ራሴው አበላሻት ነበር፤ ዓይኔ ከልጄ ይልቅ ሴትዮዋ ላይ ነበር።

ሮሽ ሀሻና፣ አዲሱ ዓመት፣ ሲቃረብ ልጆቹ በአፕል እያጠቀሱ እንዲበሉት ትምህርት ቤት ትንሽ ብልቃጥ ማር ያድላቸዋል። ልጅቷ ብልቃጧን ይዛ መጣች። ካርታውን ወደ ጎን ገፋችው።

“አባ፣ ሂ ሎ ሃይታ ሻም” አለችኝ። እሷ እዚያ አልነበረችም ማለቷ ነው፤ ወደ ሶሻል ሠራተኛዋ በአገጯ አመለከተች። “ለዚህ ነው ያልጻፈችው። እዚህ እናድርገው።”

“ልጄ፣ እንደዚያ አይደለም ነገሩ…”

አልሰማችኝም። ተነሥታ እጇን ታጥባ መጣች። አውራ ጣቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ክዳኑን ከፍታ ማሩን በራሷ አውራ ጣት ላይ ቀባች። “ያኔ እኔ ቀምሻለሁ” አለች። “አኽሻቭ አንተ።” አሁን ተራው የኔ ነው ማለቷ ነው።

ቀመስኩ። ሴትዮዋ ወረቀቷን ትታ ታየናለች። ልጅቷ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ዞር አለችና በዕብራይስጥ “አየሽ አይደል? ጻፊው” አለቻት።

“የኔ ቆንጆ፣ ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም” አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ ልስልስ ብሏል።

ልጅቷ ጠረጴዛውን ዞራ ሄደችና ማር በነካው ጣቷ ወረቀቱን ነካችው። “አለ” አለች። “ይኸው፣ ‘ሌላ’ ከሚለው ጎን ባዶ ነው።”

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። የጻፈችውን አላየሁም፤ ሰዓታችን አልቆ ስለነበር ውጡ ተባልን።